ቦረና ላይ ጠፍቶ የተገኘው ሕመም

በ2004 የታተመ አንድ ጥናት አለ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አጥኚዎች ቦረና ወርደው 1,854 ሰዎችን በመጠይቅ አነጋገሩ። መጠይቁ በብዙ አገር የተሠራበት ነው። ጭንቀት አገኙ። ድባቴ (ዲፕሬሽን) አገኙ። ስኪዞፍሬኒያ ግን አንድም ሰው ላይ አላገኙም።

ነገሩ ግራ ያጋባል። ስኪዞፍሬኒያ ማለት ሰው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማበት፣ «ይከታተሉኛል፣ ሊገድሉኝ ነው» እያለ ማንም ቢያስረዳው የማይመለስበት፣ ንግግሩና ሐሳቡ አልያያዝ የሚልበት ከባድ ሕመም ነው። በደንብ በተፈለገበት አገር ሁሉ ተገኝቷል። ታዲያ ቦረና ላይ የት ገባ? የአርብቶ አደር ኑሮ ከዚህ ሕመም ያድናል እንበል?

እንዲያ ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር። ለአጥኚዎች ግን አልተዋጠላቸውም። ሌላ ጥናት ተደረገ። በዚህኛው ዙር የአገሩን ሰው ሰብሰብ አድርገው፣ እናንተ ዘንድ ሰው አበደ የሚባለው ምን ሲሆን ነው ብለው ጠየቁ። ቦረናዎች «መራታ» የሚሉት ሰው አለ። የሚለዩት በውጭ በሚታየው ነው፤ ባሕርዩ ሲናወጥ፣ ሁሉም ሰው ሲያየው። ውስጡ ምን ይሰማል፣ ምን ያምናል የሚለው ብዙም ቦታ የለውም። በዚህ መንገድ ሲፈለግ ሕመሙ ተገኘ፤ በ2010 ታተመ። ሰዎቹ መጀመሪያም እዚያው ነበሩ።

ይህን ታሪክ የምወደው ሁለት ነገር አንድ ላይ ስለሚያሳይ ነው። አንደኛ፣ የአእምሮ ሕመም የፈረንጅ ፈጠራ አይደለም፤ ቦረናም አለ፣ መንዝም አለ፣ ኒውዮርክም አለ። ሁለተኛ፣ ምን እንደ ሕመም እንደሚቆጠር፣ ሕመሙ በምን ቃል እንደሚነገር፣ ማን ዘንድ እንደሚኬድበት የሚወስነው ሰውየው የሚኖርበት ማኅበረሰብ ነው። ሁለተኛውን የረሳ ሐኪም በሽተኛውን ፊቱ አስቀምጦ አያየውም። አንደኛውን ረስቶ «ባህል ነው» ብሎ የሚያልፍ ደግሞ በሽተኛውን ይጥለዋል። ሁለቱም ስህተት ሰው ይገድላል።

መጀመሪያ መስመሩ የት እንደሚሰመር እንይ። እኛ ጋ ከተማውም ገጠሩም ላይ ሰው አበደ የሚባለው ጨርቁን ሲጥል ነው። ድንጋይ ሲወረውር፣ መንገድ ላይ ብቻውን ሲጮኽ። ከዚያ በፊት ያለው ረጅም ጊዜ ስም የለውም። ልጁ ከሰው ሸሽቶ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጧል፣ መታጠብ ትቷል፣ ለብቻው ፈገግ ይላል፤ ቤተሰቡ ግን «ዝምተኛ ነው፣ ትምህርቱ ከብዶት ነው» ይላል። ሴቷ ከወለደች በኋላ ሳምንታት አልፈው እንኳ ልጇን ማቀፍ አልሆነላትም፤ «ደክሟት ነው፣ አራስ አይደለች» ይባላል። የሚጮኸውን ሁሉም ያየዋል። ዝም ብሎ የሚሰቃየውን የሚያየው የለም። ለዚህ ነው ሰው ሕክምና ጋ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የረፈደው።

መስመሩ በተቃራኒውም ይስታል። ለቅሶ ቤት ደረት መምታት፣ ሙሾ ማውረድ፣ የሞተችውን እናት «እሜ፣ ትሰሚኛለሽ?» ብሎ እንደ ቆመች ማናገር እኛ ዘንድ ያለ ነው። እንዲያውም ያላለቀሰ ሰው ነው የሚያስፈራን። ይህንኑ የሆነ አገር ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ያደረገ ሰው ግን ጠባቂ ሊጠራበት ይችላል።

ወደ አካል እንምጣ። ድባቴ ሲባል ብዙ ሰው ሐዘንን ያስባል። ግን ሐኪም ቤት መጥቶ «አዝኛለሁ» የሚል ስንት ሰው አለ? «ራሴን ያቃጥለኛል» ይላል። «ልቤን ይይዘኛል፣ ጀርባዬን ይወጋኛል፣ እንቅልፍ የለኝም።» ከሁሉም በላይ ደግሞ «ጨጓራዬ!» ይላል። በእርግጥ ጨጓራ የታመመ ሰው ሞልቷል፣ ያንን አልክድም። ግን ምርመራው ሁሉ ነፃ ሆኖ፣ መድኃኒቱ ሁሉ ተሞክሮ፣ ከአንዱ ክሊኒክ ወደ ሌላው የሚዞር ሰው ስታገኙ እንቅልፉን ጠይቁት፣ የምግብ ፍላጎቱን ጠይቁት፣ ነገ ያጓጓው እንደሆነ ጠይቁት።

በዚህ ላይ የሚታወቅ ጥናት ያለው ቻይና ውስጥ ነው። በ1980 አሜሪካዊው ሐኪም አርተር ክላይንማን ሁናን ግዛት፣ ቻንግሻ ከተማ ሄደ። እዚያ ሰው ድካም፣ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ሲያስቸግረው ሐኪሞች «የነርቭ ድካም» የሚል ስም ይሰጡት ነበር። ክላይንማን እንዲህ የተባሉ 100 ሰዎችን መረመረ። በአሜሪካ መስፈርት 87ቱ ድባቴ ነበረባቸው። የሚገርመው «የነርቭ ድካም» የሚለው ስም ራሱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ገኖ የነበረ ነው። እዚያ ተረሳ፣ ቻይና ሄዶ ኖረ። በዚያ ዘመን በቻይና «ልቤ አዝኗል» ማለት የፖለቲካ ጥርጣሬ ሊያመጣ ይችል ነበር፤ ነርቭ የደከመው ሰው ግን የታመመ ሠራተኛ ነው፣ ማንም አይጠረጥረውም። ሰው ሕመሙን የሚናገረው ሊሰሙት በሚችሉበት ቋንቋ ነው። ይህ ማታለል አይደለም። ራሱ ታማሚውም ሕመሙ የሚሰማው በዚያው መንገድ ነው።

እሺ፣ ድባቴ ስሜት ነውና በባህል ይቀየር ትሉ ይሆናል። ስኪዞፍሬኒያስ? እሱ እንኳ ይቀየራል። በ2015 የታተመ ጥናት ሳን ማቴዎ ካሊፎርኒያ፣ አክራ ጋና እና ቼናይ ሕንድ ውስጥ ከየከተማው 20፣ 20 ድምፅ የሚሰሙ ታማሚዎችን አነጋግሮ ነበር። ሦስቱም ቦታ ሕመሙ አንድ ነው። ድምፆቹ ግን ይለያያሉ። አሜሪካኖቹ የሚሰሙት በአብዛኛው የማያውቁትን፣ የሚሳደብ፣ ግደል ቁረጥ የሚል ድምፅ ነው፤ ድምፁን ራሱን የበሽታ ምልክት አድርገው ነው የሚያዩት። ቼናይ ላይ ከግማሽ በላይ የሚሰሙት የዘመድ ድምፅ ነው። እናት፣ አማት፣ «ተነሽ፣ ቤቱን ጥረጊ» እያሉ የሚቆጡ። አክራ ላይ ደግሞ ብዙዎቹ የሚሰሙት እግዚአብሔርን ነው፤ ግማሾቹ ድምፆቻቸው በአብዛኛው ደግ ናቸው አሉ። አሜሪካ ላይ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም። ሰው ያደገበት ቤት፣ ስለ ነፍስ የተማረው፣ ዝምድና ላይ ያለው እምነት የሕመሙ ውስጥ ድረስ ይገባል ማለት ነው። እኔን ይህ ጥናት ያስደነቀኝ ለዚህ ነው።

አሁን የእኛኑ ጉዳይ ላንሳ። ዛር። ጎንደር ላይ ያደገ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም፤ ለሌላው ግን እንዲህ ነው። ሴትየዋ ትታመማለች፣ ትጨነቃለች፣ ዝም ትላለች። ዛር ነው ይባላል። ባለዛር ጋ ትወሰዳለች፣ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከበሮ ይመታል፣ ያጓራታል። በእሷ አፍ ዛሩ ይናገራል። ሽቶ ይጠይቃል፣ ልብስ ይጠይቃል፣ የዚህ መልክ ዶሮ ይጠይቃል። ባሏም ያመጣል። ነገሩን ያጠኑ ሰዎች አንድ ነገር አስተውለዋል። ዛር በብዛት የሚይዘው ሴቶችን ነው፣ ይበልጥም ቤት ውስጥ ድምፅ የሌላቸውን። እሷ በራሷ አፍ «ልብስ ግዛልኝ» ብትል የማይሰማት ባል ዛሩን ይሰማል። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ዛርን እርኩስ መንፈስ ነው ብለው ይቃወሙታል፤ ያንን የምዳኘው እኔ አይደለሁም። እኔ የምለው ቤተሰቡና ጎረቤቱ የሚያነበው፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ነገር መሆኑን ነው።

ይህ ሁሉ እስራኤል ገባ። በ1984 እና 85 በዘመቻ ሙሴ፣ ከዚያ በ1991 በዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል ተጓጓዙ። ቀድመው በሱዳን በኩል የወጡት መንገድ ላይና መጠለያ ውስጥ እናት፣ አባት፣ ልጅ ቀብረው ነው የደረሱት፤ ብዙዎቹም በወጉ ሳያለቅሱ። ከዚያ ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ሴት ትንቀጠቀጣለች፣ በሌላ ድምፅ ትናገራለች፣ የሞተ ዘመዷ መጣብኝ ትላለች። ሐኪሙ ዕብራይስጥ ብቻ ያውቃል። ምን ብሎ ይጻፍ? ሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታው የመነጠል ሕመም? በ1990ዎቹ የእስራኤል ሐኪሞች ይህንኑ ጥያቄ በሕክምና መጽሔቶች ላይ አንስተው ጽፈዋል፤ ዛር ሕመም ነው ወይስ ሐዘንንና መከራን መናገሪያ መንገድ? በ1994 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያም ዛርን በባህል ከሚወሰኑ ሁኔታዎች ዝርዝር ውስጥ በስሙ አስገባው። የዛሬው አሠራር እንዲህ ይላል፤ መንፈስ መያዝ ያ ማኅበረሰብ በሚቀበለው ሥርዓት ውስጥ ከሆነና ሰውየውን ካላሰቃየ፣ ኑሮውን ካላፈረሰ ሕመም አይባልም። ከሥርዓቱ ውጭ፣ ያለ ፈቃዱ እየመጣ ሲያሰቃየው ግን ይባላል። ምክንያታዊ ይመስለኛል።

ስደት ራሱም ያሳምማል። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ውጭ ላለነው ሁሉ የሚነካ ስለሆነ። በ1932 ኦዴጎር የሚባል ኖርዌጂያዊ ሐኪም ሚኒሶታ የሄዱ ኖርዌጂያኖች አገራቸው ከቀሩት ይልቅ በስኪዞፍሬኒያ ሆስፒታል እንደሚገቡ አየ። «ድሮም ደህና ያልሆነው ነው የሚሰደደው» አለ። ለብዙ ጊዜ ይህ በቂ መልስ ተደርጎ ተወሰደ። በኋላ ግን እንግሊዝ ውስጥ ሌላ ነገር ታየ። በ2006 የታተመ ትልቅ ጥናት ስኪዞፍሬኒያ ከነጭ እንግሊዛውያን ይልቅ ከካሪቢያን በመጡት ላይ 9 እጥፍ፣ ከአፍሪካ በመጡ ጥቁሮች ላይ ወደ 6 እጥፍ ያህል እንደሚታይ አሳየ። ካሪቢያን ደሴቶቹ ላይ ሄዶ ሲታይ ግን እንዲህ ያለ ብዛት የለም። ስለዚህ የደም ጉዳይ አይደለም። እዚያው እንግሊዝ የተወለዱት ልጆች ላይም ይታያል፤ እነሱ ደግሞ ተሰደው አያውቁም። የሐኪሞቹ አድልዎም አለበት ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ጥቁር ሰው ሲቆጣ «እብድ» ማለት ይቀናቸዋል የሚል። ክርክሩ ተገቢ ነው፣ ግን ልዩነቱን ሁሉ አያብራራውም።

ይበልጥ የሚያስረዳው ሌላ ግኝት ነው። ለንደንም ሆነ ሔግ ላይ ሲታይ፣ ስደተኛው የራሱ ወገን በብዛት ባለበት ሰፈር ሲኖር የመታመም ዕድሉ ይቀንሳል። ብቻውን በሌላው መሃል ሲኖር ይጨምራል። ስለዚህ ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚጠጣው ሻይ፣ ሐበሻ ሬስቶራንት ውስጥ የሚደረገው ወሬ ሁሉ ትርፍ ነገር አይደለም። ቤይሩት ወይም ኩዌት አንድ ቤት ውስጥ ተዘግቶባት፣ ስልኳ ተወስዶባት፣ በአማርኛ የሚያናግራት ሰው አጥታ የምትኖር ልጅ ደግሞ ይህ ሁሉ ተነጥቆባታል። ስትመለስ «ጂን ያዛት»፣ «ዓረብ አስደገመባት» ይባላል። ምን እንደተደረገባት ማንም አይጠይቃትም።

ሌላው ከባዱ ነገር ሥልጣን ነው። ጤነኛ ያልሆነው ማነው የሚለውን የሚጽፈው ብዕር ያለው ሰው ነው። በ1851 ሉዊዚያና ውስጥ ካርትራይት የሚባል ሐኪም አዲስ በሽታ አገኘሁ ብሎ ጻፈ። በሽታው ጥቁር ባሪያዎችን ይይዛል፣ ምልክቱ ከጌታ መጥፋት ነው፣ መድኃኒቱ ግርፋት ነው አለ። በሕክምና መጽሔት ነው የታተመው! ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ደግሞ ስኔዥኔቭስኪ የሚባል የሞስኮ ሐኪም «ቀስ ብሎ የሚሄድ ስኪዞፍሬኒያ» የሚል ምድብ አመጣ። ድምፅ መስማት አያስፈልገውም፤ መንግሥትን ማሻሻል አለብን የሚል ጽኑ ሐሳብ ራሱ ምልክት ሆነ። ጄኔራል ግሪጎሬንኮ ተቃውሞ በመናገሩ ሆስፒታል ተዘጋበት፤ በኋላ አሜሪካ ሲመረመር ሕመም አልተገኘበትም። ነገሩ እያየለ ሲመጣ በ1983 የሶቪየት ሐኪሞች ከመባረራቸው በፊት ከዓለም አቀፉ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ራሳቸው ወጡ። በ1973 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን ከበሽታ መዝገቡ ያወጣው በድምፅ ነው። ሰው በጉዳዩ ላይ ምንም አቋም ይኑረው፣ በሽታ የተባለ ነገር በድምፅ መውጣት መቻሉ ሊያስጠነቅቀን ይገባል።

እዚህ ደርሰን «ታዲያ የአእምሮ ሕመም የሚባል ነገር የለማ፣ ሁሉም የማኅበረሰብ ስያሜ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ኢንተርኔት ላይ በብዛት አነባለሁ፣ ያናድደኛል። ቡታጅራን ይመልከት። እዚያ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለዩ፣ ለዓመታትም ተከታተሏቸው። እጅግ አብዛኞቹ ሲገኙ ሐኪም አይተው አያውቁም። በ10 ዓመት ክትትል ሲታይ ደግሞ ከጤነኛው ሰው ወደ ሦስት አሥርት ዓመት ያህል ቀድመው ይሞታሉ። ስያሜ ሰውን እንዲህ አይገድልም።

ባህሉ ግን ሲያባብሰው ይታያል። እዚያው ቡታጅራ ላይ ከታማሚ ቤተሰቦች 75 በመቶው በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደሚደርስባቸው ተናገሩ። 37 በመቶው ታማሚ እንዳላቸው መደበቅ ይፈልጋሉ። ይገባኛል፤ የታማሚው እህት «ዘራቸው ነው» ተብሎ ባል ትጣ? ስለዚህ ልጁ ጓዳ ይገባል። አንዳንዴም በሰንሰለት ይታሰራል፣ ያሰረውም ጠላቱ ሳይሆን የምትወደው እናቱ ናት፤ ሌላ መንገድ ስላጣች። ድሃ አገር ማኅበራዊ ኑሮው ጥሩ ስለሆነ ታማሚው ቶሎ ይድናል የሚል ሐሳብ በዓለም ጤና ድርጅት የቆዩ ጥናቶች ምክንያት ተስፋፍቶ ነበር። ቡታጅራ ላይ የታየው ግን ያን ያህል ተስፋ አይሰጥም።

ባህሉን ይዞ ማከም ይቻላል ወይ? ይቻላል። ዚምባብዌ ውስጥ ሾና ተናጋሪዎች «ኩፉንጊሲሳ» ይላሉ፣ ሐሳብ ማብዛት። እኛም «ሐሳብ በዛበት» እንላለንና ለእኛ አይከብደንም። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም በ2006 ሐራሬ፣ ምባሬ ሰፈር ላይ አያቶችን አሠለጠነ። ጤና ጣቢያ ግቢ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰውን ያዳምጣሉ። ድባቴ የሚል ቃል አያወጡም፤ ስለ ኩፉንጊሲሳ ነው የሚያወሩት። ከችግሮቹ አንዱን መርጠው ሰውየው ራሱ መፍትሔ እንዲያገኝ ይረዱታል። በ24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ2016 ታተመ። ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት አሁንም ያለባቸው፣ በመደበኛው ሕክምና ከታዩት ግማሽ ያህሉ ሲሆኑ፣ አያቶቹ ካነጋገሯቸው ግን ወደ 14 በመቶው ብቻ ነበሩ። እኛ ጋ ደግሞ እንጦጦ ማርያም ጠበል ላይ የአእምሮ ሐኪሞችና አጥማቂዎች ተባብረው ሠርተዋል፤ ታማሚው ጠበሉንም መድኃኒቱንም ይወስዳል። ጠበሉን ተው የተባለ ሰው መድኃኒቱን ነው የሚተወው፣ ይህን ማንም የሚያውቀው ነው።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለራሳችሁ ወይም ለቤተሰብ የአእምሮ ሐኪም ጋ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ። በ2013 የወጣው የአሜሪካ መመሪያ ሐኪም ስለ ባህል የሚጠይቃቸው 16 ጥያቄዎች አሉት። ችግርህን ምን ብለህ ትጠራዋለህ፣ ከምን የመጣ ይመስልሃል፣ ቤተሰብህስ ምን ይላል፣ እስካሁን ማን ጋ ሄደህ ነበር የሚሉ ናቸው። ሐኪሙ ካልጠየቀ እናንተው ንገሩት። ጠበል ሄጄ ነበር በሉ፣ ዛር ነው ብለውኝ ነበር በሉ፣ አትፈሩ። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጃችሁን አታስተርጉሙ። እናቱ መሞት እንደምትፈልግ ከራሷ አፍ ሰምቶ ለሐኪም መተርጎም የአንድ ልጅ ሥራ አይደለም፤ እናቲቱም ልጇ ፊት እውነቱን አትናገርም።